ከጎንደር ወደ ሂማላያ ግርጌ፦ ባቡሩን መቼ እንቁረጥ፣ በየት በኩል እንራመድ?

አዘዞ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሆነን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሕንድ ለመሄድ አስበናል። ያለን ጊዜ 16 ቀን ነው፤ ከአዲስ አበባ ዴልሂ የሚያደርሰውና የሚመልሰው በረራም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ በሕንድ ባቡር ረጅም መንገድ መሄድ፣ ከዚያ በሂማላያ ግርጌ አምስት ስድስት ቀን በእግር መጓዝ። ድንኳን መሸከም አንፈልግም፤ ማታ ማታ ቤት እየገባን ብናድር ይሻለናል። ከሳንቃበር በጊጭ እስከ ጨነቅ፣ ቧሂትንም ጨምሮ፣ በእግር እናውቀዋለን።

የቸገረን ይህ ነው። አንደኛ፣ ሺምላ ይሻላል ዳርጂሊንግ? ሁለቱም ጋ ትንሹ ባቡር አለ ይባላል። ሁለተኛ፣ ትኬቱን በኢንተርኔት ስናይ አንዱ ባቡር ገና አልተከፈተም ይላል፣ ሌላው ዌይቲንግ ሊስት ይላል፤ ገንዘብ ከፍሎ መጠበቅ ዋጋ አለው? ሦስተኛ፣ ጎንደር መኖር ለከፍታው ይበቃል ወይስ መድኃኒት መያዝ አለብን? አራተኛ፣ አንዳችን ረቡዕና ዓርብን አንፈታም። ባቡር ላይና ተራራው ላይ ምን ይበላል?

ፉርጎ 7

ከተራራው በፊት ባቡሩን ያዙ። ቧሂት የወጣ እግር እዚያ አይቸገርም፤ እንዲህ ያለ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ትኬት ላይ ነው።

ምርጫውን ላስቀድም። ሁለቱ ትንንሽ ባቡሮች በአንድ አቅጣጫ አይደሉም። ካልካ–ሺምላ ከዴልሂ ወደ ሰሜን ነው፤ ጠዋት ከዴልሂ ሻታብዲ በሚባለው ፈጣን ባቡር ብትነሱ በአራት ሰዓት ገደማ ካልካ ትደርሳላችሁ። ዳርጂሊንግ ግን ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ በፈጣኑ ራጅዳኒ እንኳ ኒው ጃልፓይጉሪ ጣቢያ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በ16 ቀን ሁለቱንም ልድረስ ያለ ሰው ቀኑን ሐዲድ ላይ ይጨርሰዋል።

ዓላማችሁ ትንሹ ባቡር ራሱ ቢሆን ኖሮ ያለጥርጥር ሺምላ እላችሁ ነበር። በ1903 የተከፈተ መስመር ነው (ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ 96 ኪሎ ሜትር፤ የሐዲዱ ስፋት 762 ሚሊ ሜትር ብቻ። ከ656 ሜትር ተነስቶ 2076 ሜትር ላይ ሺምላ ይደርሳል፣ በመንገዱ 102 መሿለኪያዎችን ያልፋል፤ ረጅሙ ባሮግ ላይ ያለው ነው፣ 1143 ሜትር። አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መንገዱ ነጠላ ስለሆነ አንድ ባቡር አንዱን ክፍል ከመያዙ በፊት ሾፌሩ ከጣቢያው ሹም ክብ ማንጠልጠያ ላይ የታሰረ ምልክት መቀበል አለበት። ያ ምልክት ከእጁ ካልገባ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም ተበላሸ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ከላይ የሚወርደውን እየጠበቀ ነው። ሻንጣ ማስቀመጫው ጠባብ ነው፣ ትልቅ ሻንጣ አትያዙ።

የዳርጂሊንጉ በዕድሜ ይበልጣል፣ 1881። ስፋቱ 610 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 88 ኪሎ ሜትር፤ ጉም የሚባለው ጣቢያ 2258 ሜትር ላይ ነው። ከታች እስከ ላይ ሙሉውን ለመሄድ ግን ሰባት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፣ ክረምት ላይ መሬት ሲንሸራተትም መስመሩ ይቆረጣል። በዚህ ምክንያት ዕቅዳችሁን በእሱ ላይ አትስቀሉ። ከኒው ጃልፓይጉሪ ወይም ከሲሊጉሪ በጋራ ጂፕ ሦስት አራት ሰዓት ነው፤ ትንሹን ባቡር ዳርጂሊንግ ከደረሳችሁ በኋላ እስከ ጉም ደርሶ መልስ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ትሳፈሩበታላችሁ።

እናንተ የጻፋችሁትን ሳየው ግን፣ ረጅም ባቡር እና ቤት እየገቡ የሚራመዱበት አምስት ስድስት ቀን፣ መልሱ ዳርጂሊንግ ነው። ሳንዳክፉ ወደሚባለው ተራራ የሚወጣው የእግር መንገድ ከዚያ ይጀምራል።

አሁን ትኬት። የሕንድ ባቡር የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው፤ ከ2024 ኅዳር ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው፣ ቀድሞ 120 ነበር፣ የድሮ ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳትሳሳቱ። «አልተከፈተም» ያላችሁ ለዚህ ነው። ዌይቲንግ ሊስት ማለት ደግሞ ገና ቦታ የላችሁም ማለት ነው። በኢንተርኔት የተገዛ ከሆነና የተሳፋሪዎች ዝርዝር ሲወጣ አሁንም ዌይቲንግ ከሆነ ትኬቱ ራሱ ይሰረዛል፣ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ባቡሩ ላይ መውጣት አይፈቀድም። አር ኤ ሲ ካለ ሌላ ነገር ነው፤ መሳፈር ትችላላችሁ፣ ግን በኮሪደሩ በኩል ያለችውን አንዲት የታች አልጋ ሁለት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ትካፈላላችሁ፣ የቀረ ሰው ካለ አልጋ ይሰጣችኋል። ለአንድ ቀን መንገድ አር ኤ ሲ ይቻላል፣ ዌይቲንግ ላይ ግን ጉዞ አይታቀድም።

ታትካል የሚባለው የመጨረሻ ሰዓት ትኬት አለ፣ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት የሚከፈት። በእሱ አትተማመኑ፤ ከ2025 ሐምሌ ጀምሮ በኢንተርኔት ታትካል ለመግዛት የሕንዶቹ መታወቂያ፣ አድሃር፣ ያስፈልጋል። የውጭ አገር ሰው መውጫው የቱሪስት ኮታው፣ ማለትም ለውጭ ተጓዦች የሚቀመጠው ቦታ፣ ነው። ኒው ዴልሂ ጣቢያ ሕንፃው ውስጥ አንደኛ ፎቅ ላይ የውጭ ተጓዦች ቢሮ አለ፤ ዋናውን ፓስፖርት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከጣቢያው በር ላይ «ተዘግቷል፣ ተዛውሯል፣ እኔ ልውሰድህ» የሚል ሰው አይጠፋም። ዝም ብላችሁ ደረጃውን ውጡ።

ስማችሁን ስታስገቡ የራስ ስምና የአባት ስም፣ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል የሚመሳሰል ይሁን። ተቆጣጣሪው የሚያመሳክረው እሱን ነው።

ደረጃውን በተመለከተ፣ ስሊፐር የሚባለው ርካሽ ነው፣ መስኮቱ ክፍት፣ አንሶላ የለውም። ሦስተኛ ኤሲ (ኤሲ ማለት አየር ማቀዝቀዣ ያለው ነው) አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ትራስ ይሰጣል፤ በአንድ ክፍል በኩል ስድስት አልጋ፣ በኮሪደሩ በኩል ሁለት። ሁለተኛ ኤሲ በክፍሉ አራት ብቻ ስለሆነ ይሰፋል። ለእናንተ ሦስተኛ ኤሲ ይበቃል፣ አንዳችሁ የታች አንዳችሁ የላይ ያዙ። የመካከለኛው አልጋ ቀን ቀን ይታጠፋል፤ የሚዘረጋው ማታ ከ4 እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ የያዘው ሰው ቀን መጋደም ቢፈልግ አይችልም። የኮሪደሩ የላይ አልጋ ለረጅም ሰው አጭር ነው። ከታች አልጋ ሥር የብረት ቀለበት አለ፤ ቀጭን ሰንሰለትና ቁልፍ ገዝታችሁ ሻንጣችሁን እዚያ እሰሩ፣ ጣቢያው አካባቢ ይሸጣል።

ሁለት ወጥመድ ልጨምር። ዴልሂ አንድ ጣቢያ አይደለም፤ ኒው ዴልሂ፣ አሮጌው ዴልሂ፣ ኒዛሙዲን፣ አናንድ ቪሃር አሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በመንገድ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ትኬቱ ላይ ያለውን የጣቢያ ስም ለባጃጁ አሳዩት (እዚያ «ኦቶ» ነው የሚሉት)።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፣ የእኛ ሰው በጣም የሚሳሳትበት። ትኬቱ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 16:20 ካለ ስድስት ቀንሱ፣ ከቀኑ 10:20 ነው። 00:10 ሲል ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 6:10 ነው፣ ግን ቀኑ ተቀይሯል። የ5ኛው ቀን 00:10 ትኬት የያዘ ሰው ጣቢያ መገኘት ያለበት በ4ኛው ቀን ማታ ነው። በ5ኛው ማታ ከሄደ ባቡሩ ካለፈ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል። የሕንድ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ ስልኩን ስታስተካክሉ ግማሿን ሰዓት አትርሱ።

ከጊጭ ሜዳ

ፉርጎ 7 ባቡሩን ጨርሶታል፤ እኔ በእግሩ ልቀጥል።

ሳንዳክፉ 3636 ሜትር ነው፣ ከጊጭ ካምፕ ጋር እኩል በሉት። የሚለየው ከፊት ለፊት የሚታየው ነው፦ ካንቼንጁንጋ፣ 8586 ሜትር፣ ከዓለም ሦስተኛው፤ ሰማዩ ሲጠራ በስተምዕራብ ማካሉ፣ ሎትሴና ኤቨረስት። መንገዱ ሲንጋሊላ በሚባል ሸንተረር ላይ የሕንድንና የኔፓልን ወሰን እየታከከ ይሄዳል። የሲንጋሊላ ፓርክ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ (በእነሱ አቆጣጠር) ይዘጋል፤ ክረምታቸው ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም ለማስታወስ አይከብድም። በዚያ ወቅት ጭጋግና አልቅት እንጂ ተራራ አይታይም። እናንተ የመረጣችሁት ጊዜ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ከሁሉም የጠራው ነው።

መነሻው ማኔብሃንጃንግ ነው፣ ከዳርጂሊንግ በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላ። ደባርቅ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ ስካውት እንደምትይዙት ሁሉ፣ እዚያም መዝግበው አስጎብኚ ያስይዟችኋል፤ ያለ አስጎብኚ አያሳልፉም። ፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ በየኬላው ይጠየቃል፣ ሦስት አራት ኮፒ ያዙ። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ኔፓል ውስጥ ይገባል፣ ማደሪያዎቹም አንዳንዶቹ ኔፓል ናቸው። ይህ ችግር የለውም፤ ግን ከመንገዱ ወጥታችሁ ወደ ኔፓል መንደሮች አትውረዱ።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ቱምሊንግ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 2900 ሜትር ከፍታ። ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ ዝግ ብላችሁ ውጡ። ሁለተኛው ቀን ጋይሪባስ ላይ ወደ 2621 ሜትር አውርዶ እንደገና ያስወጣችኋል፤ አሰልቺው እሱ ነው፣ ያገኛችሁትን ከፍታ ተመልሳችሁ ስለምታጡት። ማደሪያው ካሊፖክሪ፣ ትርጉሙ ጥቁር ኩሬ፣ ከ3100 ሜትር በላይ። ሦስተኛው ቀን 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን የመጨረሻው ግማሽ ይነክሳል። አራተኛው ቀን ከሳንዳክፉ ፋሉት፣ 21 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው ብዙም የማይለዋወጥ፣ ከሁሉም የሚያምረው። ከዚያ ወደ ጎርኬ በጥድና በሮዶደንድሮን ደን ውስጥ ይወረዳል፣ በስድስተኛው ቀን ስሪኮላ ወይም ሪምቢክ ደርሳችሁ በጂፕ ወደ ዳርጂሊንግ ትመለሳላችሁ። ጊዜ ያጠረው ሰው ፋሉትን ትቶ ከሳንዳክፉ በጉርዱም ወደ ስሪኮላ በአንድ ቀን ይወርዳል፤ ከ1500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ጉልበት ይፈትናል። ሁለት ሁለት ዘንግ ይኑራችሁ፣ ለቁልቁለቱ ትንሽ አስረዝሙት።

ልብ በሉ፣ እስከ ሳንዳክፉ ያለው አብዛኛው የመኪና መንገድ ነው፣ ድንጋይና ሲሚንቶ። ላንድሮቨር ሰዎችን ይዞ ይወጣል። አስጎብኚው አቋራጭ የእግር መንገዶችን ያውቃል፤ ገና ሳትነሱ «በእግር መንገዱ እንጂ በመኪናው መንገድ አንሄድም» ብላችሁ ተስማሙ። በላንድሮቨሩ ግን በአንድ ቀን ላይ አትውጡ፤ ምክንያቱን እዚሁ መድረክ ላይ ቀሃ ሳይጽፈው አይቀርም።

ሌላው የፀሐዩ ጉዳይ ነው። ጎንደር ፀሐይ የምትገባው ሁሌም 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ሰውነታችን ያንን ለምዷል። እዚያ ኅዳር ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ትንሽ እንዳለፈ ትጠልቃለች፣ ብርዱ ወዲያው ይመጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ፣ 8 ሰዓት ላይ ማደሪያ ግቡ። ደመናው ረፋዱ ላይ ከሸለቆው ስለሚነሳ ተራራውን ማየት ለሚፈልግ ጊዜው ንጋት ነው፦ 12 ሰዓት ሳይሞላ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ለብሳችሁ ውጡ።

ብርዱ ሳንዳክፉና ፋሉት ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ማደሪያዎቹ ማሞቂያ የላቸውም። ከሥር ገላ ላይ የሚጣበቅ የብርድ ልብስ፣ ከላዩ ፍሊስ፣ ከዚያ የላባ ጃኬት። ጋቢያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ለባቡሩ፤ የኤሲው ፉርጎ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጋቢ እዚያ ወደር የለውም። ተራራው ላይ ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፣ ይከብዳል፣ ሙቀት ይሰርቃል። ዳርጂሊንግ ሆቴል አስቀምጡት። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ፓወር ባንኩን ከእንቅልፍ ከረጢቱ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ።

ማራኪ

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ፤ ሰው «ሕንድ ሁሉም አትክልት ነው» ብሎ ስለሚያሳስት።

ሕንድ ውስጥ «ቬጅ» ማለት ሥጋና እንቁላል የለውም ማለት ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ ፓኒር የሚባል አይብና ጊ የሚሉት ቅቤ ግን አሉበት። ምስሩ ላይ ቅቤ ያፈሱበታል፣ ቂጣው ላይ ይቀቡታል። ስለዚህ ቬጅ ማለት አይበቃም። «ጊ የለም፣ ዱድ የለም፣ ደሂ የለም» ማለት አለባችሁ፤ ዱድ ወተት፣ ደሂ እርጎ ነው። «የለም» የሚለውን በእነሱ «ናሂ» በሉት። አስተማማኙ ተራ ሩዝና በዘይት የተሠራ ዳል፣ ማለትም የምስር ወጥ፣ ከድንችና ጎመን ጋር ነው፤ ተራራው ላይ በየማደሪያው የምታገኙትም እሱኑ ነው፣ ሲያልቅ ይጨምሩላችኋል። ሻይ ካላችሁ ከወተት ጋር ፈልቶ ይመጣል፤ ጥቁር ሻይ ለማግኘት «ካሊ ቻይ» በሉ።

ባቡር ላይ ራጅዳኒና ሻታብዲ ትኬቱን ስትቆርጡ ምግብ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ አልፈልግም በሉና ሙዝ፣ ኦቾሎኒና ዳቦ ያዙ።

ለመንገድ የሚሆን አንድ ነገር ልጠቁም፦ ሳቱ። የተቆላ ሽምብራ ዱቄት ነው፣ በቢሃርና በቤንጋል በየሱቁ በኪሎ ይሸጣል። ልክ እንደ በሶ በውኃ፣ በጨውና በሎሚ ይበጠበጣል፣ ሆድ ይይዛል። እንዲያውም ዳርጂሊንግ አካባቢ ያሉት ቲቤቶች ጻምፓ የሚሉት የተቆላ የገብስ ዱቄት በሶ ራሱ ነው። ለአንድ ሰው ለስድስት ቀን ግማሽ ኪሎ ሳቱ በቂ ነው።

ደግሞ ቀኑን አስሉ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ከዚያ በፊት ከተመለሳችሁ ያለባችሁ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። የእነሱን በዓልም ተመልከቱ። ዲዋሊ በየዓመቱ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ይዋዥቃል፣ ከስድስት ቀን በኋላ ቻት የሚባለው ይከተላል። ቻት የቢሃር ሰዎች ትልቁ በዓላቸው ነው፣ ከዴልሂ ወደ ኒው ጃልፓይጉሪ የሚሄደው ባቡር ደግሞ ቢሃርን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። በዚያ ሳምንት ወደ ምሥራቅ አልጋ አይገኝም። የዘንድሮውን ቀን ሳታዩ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ። ከሞላ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ወደ ባግዶግራ መብረር፣ ሲሊጉሪ አጠገብ ነው፣ ከዚያ ስትመለሱ በባቡር።

ቀሃ

ከሁሉም በፊት የሚያስቀር ነገር አለ፣ ማንም አላነሳውም፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ሕንድ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ትጠይቃለች። ካርድ የሌለው ሰው እስከ ስድስት ቀን ለይተው ያቆዩታል፤ ከ16 ቀናችሁ ስድስቱ ማለት ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ መነሻ ሳምንት ላይ መከተብ አይጠቅምም። አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰሉን እዚያው ሳትወጡ አረጋግጡ።

ስለ ከፍታው፦ ጎንደርና ዳርጂሊንግ ሁለቱም ከ2000 ሜትር ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው፤ እስከ ዳርጂሊንግ ምንም አይሰማችሁም። ከ3000 በላይ ግን የጎንደር ልጅ መሆን አያድንም። ደንቡ የምትተኙበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። «ከጊጭ ሜዳ» የጻፈው አካሄድ፣ 2900፣ ከዚያ 3100፣ ከዚያ 3636፣ ለዚህ ይስማማል፤ የመጨረሻው ትንሽ ያልፋል፣ ስለዚህ ያን ቀን ቀስ በሉ። በላንድሮቨር ከታች በአንድ ቀን የሚወጣ ሰው ከ1500 ሜትር በላይ ዘሎ ነው የሚያድረው። ሌሊት ራሱን የሚያመውና የሚያስመልሰው እሱ ነው።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት፤ በዚያ ቀን አትውጡ። ካልተሻለ ውረዱ። ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ ወይም እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ ሰው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ አለበት፤ 500 ሜትር መውረድ እንኳ ብዙ ይለውጣል። አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ለመከላከል 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ይወሰዳል። በዝግታ በእግር ለሚወጣ የግድ አይደለም። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ያ አያስደንግጣችሁ።

የሳተላይት ስልክ ወይም የሳተላይት መልእክት መላኪያ ያላችሁ ከሆነ እዚሁ አስቀምጡት፤ ሕንድ ውስጥ ያለ ፈቃድ መያዝ ያሳስራል።

አዘዞ ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዳርጂሊንግ ብለን ቆርጠናል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጫማ አዲስ እንግዛ ወይስ ሦስት አራት ዓመት ሣጥን ውስጥ የቆየ ጥሩ የተራራ ጫማ አለ፣ እሱ ይሆናል?

ከጊጭ ሜዳ

ሣጥን ውስጥ የቆየው ነው የሚያስፈራው። የብዙ ተራራ ጫማ መሐለኛው ሶል ፖሊዩሬቴን የሚባል አረፋ ነው፤ ሳይለበስ ሲቀመጥ ከአየር እርጥበት ጋር እየተቀላቀለ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ሶሉ እንዳለ ይገነጠላል። ጫማውን አውጡና ከጎን በኩል አረፋውን በአውራ ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ከሆነ ጣሉት። ደህና ከሆነም ሁለት ሳምንት ከጎሃ ኮረብታ እያወጣችሁ አውርዱት፣ ሸክም ይዛችሁ። አዲስ ከገዛችሁ ሲወርዱ አውራ ጣት ጫፉን እንዳይመታ ቁጥሩን ግማሽ ከፍ አድርጉ፤ አምስት ሜትር ጠንካራ ማጣበቂያ ቴፕም ዘንጋችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ያዙ፣ ሶል ቢላቀቅ እስከ ስሪኮላ ያደርሳል።